የአደን ጠመንጃ በቤት ሲታደስ የሚሠሩ ስህተቶች

የመጀመሪያዬን ሰደፍ ያበላሸሁት በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ቫርኒሹ የተሰነጣጠቀ፣ ጉንጭ የሚያርፍበት ቦታ የጠቆረ አሮጌ የአደን ጠመንጃ ነበር። ብረቱን ፈታሁና እንጨቱን ጭኔ ላይ አጋድሜ በሻካራ የብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግሁት። እንጨቱ ሲነጣ ደስ አለኝ፤ ደስ ባለኝ ቁጥር ባሰብኝ። ማታ መልሼ ስገጥመው ግን የብረቱ ጠርዝ ከእንጨቱ በላይ ወጥቶ ቆመ፤ ድዱ የሸሸ ጥርስ ይመስላል። ጥፍሬን ከእንጨቱ ወደ ብረቱ ሳንሸራትት ግጭ ብሎ ይቆማል። ያ ጠመንጃ ዛሬም እንደዚያው ነው።

ከዚያ ወዲህ የራሴንም የወዳጆቼንም ጠመንጃ ሳድስ ቆይቻለሁ። የቀለም ስህተት ብዙም አያስጨንቀኝም፤ ያልያዘ ቀለም ይላጣል፣ እንደገና ይቀባል። የሚቆጨኝ የተፋቀው ነው። ከመጠን በላይ የተፈገፈገ እንጨትንና የተሞረደ ብረትን የሚመልስ የለም። ከታች የምጽፋቸው ጥፋቶች አብዛኞቹ የዚህ ዘመዶች ናቸው። (ሰደፍ ስል ትከሻ ላይ ከሚያርፈው ጫፍ አንስቶ እስከ በርሜሉ ሥር ያለውን እንጨት ሁሉ ማለቴ ነው።)

መታደስ ያስፈልገው እንደሆነ ሳያዩ መጀመር

አንድ ወዳጄ ከአባቱ የወረሰውን ጠመንጃ ይዞልኝ መጣ። «ቫርኒሹ አልቋል፣ ልጠህ ቀባልኝ» አለ። ነጭ ጋዝ የነካ ጨርቅ ይዤ የሰደፉን አንድ ጎን በቀስታ አሸሁት። ጨርቁ ቡናማ ሆነ። ሌላ ጨርቅ፤ እሱም ቡናማ። በሦስተኛው ላይ ከሥር ጤነኛ ቫርኒሽ ብቅ አለ፤ እላዩ ላይ የነበረው የዓመታት የእጅ ወዝ፣ ዘይትና ጭስ ኖሯል። አለፍ ብሎ ደግሞ ትንሽ ክብ የፋብሪካ ማህተም እንጨቱ ላይ ታየ። ወዳጄ በዚያ ጠመንጃ ሥር ነው ያደገው፤ ማህተሙን ግን አይቶት አያውቅም። እንዳለኝ ልጬው ቢሆን ኖሮ ከአቧራው ጋር አብሮ ይጠረግ ነበር።

ሰብሳቢዎች ገንዘባቸውን የሚያወጡት ለፋብሪካው መልክ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1964 በፊት የተሠራ ዊንቸስተር ሞዴል 70 ወይም ማህተሞቹ ያልጠፉበት ወታደራዊ ማውዘር ቢጫጫርም ይፈለጋል፤ ተልጦ እንደ መስታወት ቢያበራ ፈላጊው ይቀንሳል። ስለዚህ ማጽዳት ይቀድማል። ብዙ ጊዜ ማጽዳቱ ብቻ ይበቃል።

ባዶ ነው ብሎ ማመን

ይህን ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ የሚዘነጋውም ስለሚያውቀው ነው። ካዝናውን ያውጡ፣ መቀርቀሪያውን ይክፈቱ፣ ጥይት የሚጎርስበትን ቀዳዳ በዓይንዎ ይዩ፣ በጣትዎም ይዳስሱ። ከዚያ መቀርቀሪያውን ጨርሰው ያውጡት። ጥይት የሚባል ነገር በሚሠሩበት ክፍል ውስጥ አይኑር።

እጅ በገባ ካቻቪቴ መፍታት

የተራ ካቻቪቴ ጫፍ እንደ ሽብልቅ ነው፤ ወደ ላይ ሲሄድ ይወፍራል። የጠመንጃ ቪቴ ቦይ ግን ጠባብና ጎኖቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። ሽብልቁ የሚነካው የቦዩን ከንፈር ብቻ ስለሆነ ኃይል ሲጨመርበት ይሾልካል፤ ሲሾልክ የቪቴውን ራስ ይቦጭቃል፣ አጠገቡ ያለውን ብረትም ይጭረዋል። የተቦጫጨቀ ቪቴ ያለበት ጠመንጃ ሳይ ሌላውን ሥራ አላምንም። ጫፉ እስከ ታች ወጥ ውፍረት ያለው፣ ቦዩን ሞልቶ የሚቀመጥ የጠመንጃ ካቻቪቴ ይግዙ፤ ካልተገኘ አሮጌውን በሞረድ ልኩን አስተካክለው ይሞርዱት። የሚሞረደው መሣሪያው ይሁን።

አንዳንድ ቪቴ ደግሞ ጠባቂ አለው። በወታደራዊው ማውዘር 98 ላይ ሁለቱን ትልልቅ ቪቴዎች እንዳይላሉ የሚቆልፉ ሁለት ትንንሽ ቪቴዎች ከጎናቸው አሉ። እነሱን ሳያወጡ ትልቁን ለማዞር የሚታገል ሰው የሚሰብረው አያጣም። የፊትና የኋላ ቪቴዎች ቁመት ሊለያይ ስለሚችልም አያቀላቅሏቸው። እኔ ካርቶን ላይ የጠመንጃውን ቅርጽ እስልና እያንዳንዱን ቪቴ በቦታው እሰካለሁ። የልጅ ሥራ ይመስላል፤ ግን አንድም ጊዜ አላሳሳተኝም።

በብርጭቆ ወረቀት መላጥ

አሮጌውን ቫርኒሽ በወረቀት ለማንሳት የሚሞክር ሰው ቫርኒሹን ከጨረሰ በኋላ እጁ አይቆምም፤ እንጨቱንም ይዞ ይወርዳል። መላጥ የኬሚካል ሥራ ነው። ማስለቀቂያው ይቀባል፣ ይጠበቃል፣ ቫርኒሹ ሲያብጥ በፕላስቲክ መፋቂያ ይነሳል። በእጅ መያዣው ላይ ያለው ጥልፍልፍ ቅርጽ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ብቻ ይጸዳል፤ ወረቀትም የሽቦ ብሩሽም አይነካውም። አንዳንድ የፋብሪካ ቅብ እልኸኛ ነው። በሬሚንግተን ጠመንጃዎች ላይ ለረጅም ጊዜ ይቀባ የነበረው አንጸባራቂ ቅብ መነሻው ለቦውሊንግ መጫወቻ እንጨቶች የተሠራ ነው፤ ቀኑን ሙሉ በከባድ ኳስ ለሚመታ ነገር ማለት ነው። እንዲህ ያለው አንዴ ተቀብቶ አይለቅም፤ ሁለቴ ሦስቴ መቀባት ነው እንጂ ወደ ወረቀት መሮጥ አይደለም።

የማስለቀቂያውን ዓይነት ግን ይምረጡ። ዳይክሎሮሜቴን የተባለው ፈሳሽ ያለበት ፈጥኖ ይሠራል፤ ትነቱ ግን ከአየር ስለሚከብድ ባልተናፈሰ ክፍል ውስጥ ወለሉ ላይ ይተኛል፣ ጎንበስ ብሎ የሚሠራውንም ያፍነዋል። በዚህ የሞቱ ሰዎች ስላሉ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2019 ለተራ ሸማች እንዳይሸጥ ተከልክሏል። ቀስ ብለው የሚሠሩ ሌሎች ማስለቀቂያዎች አሉ፤ አንድ ሌሊት መጠበቅ ማንንም አይጎዳም።

ስርጉድን በመፈግፈግ ማጥፋት

ሁለት ሚሊሜትር የገባች ስርጉድ ለማጥፋት ዙሪያዋን ሁሉ ሁለት ሚሊሜትር ዝቅ ማድረግ! ሰው ሲሠራው እንዲህ ብሎ አያስበውም፤ የሚያደርገው ግን ይህንኑ ነው። የተሰረጎደ እንጨት አብዛኛውን ጊዜ አልጠፋም፤ ጭረቱ (የእንጨቱ ክር) ተጨፍልቆ ነው። ቫርኒሹ ከተነሳ በኋላ ስርጉዱ ላይ ውኃ ጠብ ያድርጉበት፣ እርጥብ የጥጥ ጨርቅ ይደርቡበት፣ የጋለ ካውያ ጫፍ ለጥቂት ሰከንድ ያሳርፉበት። ጢስስ ይላል፤ እንፋሎቱ ወደ ውስጥ ገብቶ የተጨፈለቀውን ጭረት ያስነሳዋል። ጨርቁን ገልጠው ሲያዩ ስርጉዱ በግማሽ ሞልቶ ያገኙታል። ይድገሙት። ሦስትና አራት ጊዜ የሚፈልግ አለ። ካውያው ደረቅ እንጨት እንዳይነካ ብቻ ይጠንቀቁ፤ ያቃጥላል። ጭረቱ የተቆረጠበት ሰንጥር ግን በእንፋሎት አይነሳም፤ እሱን ወይ መሙላት ነው፣ ወይ እንደ ጠባሳ መተው። እኔ መተዉን እመርጣለሁ፤ የአደን ጠመንጃ ጠባሳ አያሳፍረውም።

ከዚያ በኋላ የሚቀረው ፍግፈጋ ትንሽ ነው። ወረቀቱን በጣት ይዘው አይፈግፍጉ፤ ጣት ለስላሳውን የእንጨት ክፍል እየጎደጎደ ጠንካራውን ይተዋል፣ ሲቀባ ገጹ እንደ ማዕበል ይታያል። ወረቀቱን በጠፍጣፋ እንጨት ወይም በጠንካራ ጎማ ላይ ጠቅልለው በጭረቱ አቅጣጫ ብቻ ይሂዱ። የትከሻውን ጎማ ወይም ብረት ሳይፈቱት ይፈግፍጉ፤ ከተፈታ የእንጨቱ ጠርዝ ይድቦለቦላል፣ ሲመለስም አይገጥምም። የብረት ገላው (መቀርቀሪያው የሚንሸራተትበት ዋናው ብረት) የሚቀመጥበትን አፍ ዙሪያ ደግሞ ጨርሶ አይንኩት። እኔን የበላኝ እዚያ ነው።

ከብርጭቆ ወረቀት ቁጥር 220 ወደ ለስላሳው 320 ሲሸጋገሩ እንጨቱን በእርጥብ ጨርቅ አብሰው ያድርቁት። ሲደርቅ ገጹ እንዳልተላጨ አገጭ ይሻክራል፤ ውኃው ያስነሳቸው ቀጫጭን ጭረቶች ናቸው። በ320 በቀላሉ አንስተው ይድገሙት፤ መሻከሩን እስኪተው። ይህን ያልሠራ ሰው ቅባቱ ራሱ ጭረቱን ያስነሳበትና «ዘይቱ አበላሸብኝ» ይላል። ለማለስለስ የብረት ሱፍ መጠቀምም ልማድ ነው። የተሰበረው የብረት ክር ግን እንጨቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ይቀራል፣ እርጥበት ሲያገኘው ይዝጋል፣ ጥቁር ነጠብጣብም ይተዋል። የፕላስቲክ ክር መፈግፈጊያ ይበልጣል። የእንጨት ብናኝ ለካንሰር እንደሚዳርግ የተረጋገጠ ስለሆነ ጭምብል ማድረግንም አይርሱ።

የጠቆረውን እንጨት በቀለም መሸፈን

ከብረት ገላው ጭራ (ወደ ኋላ ከሚዘልቀው ቀጭን ጫፉ) ኋላ ያለው የእንጨቱ ቀጭን ቦታ ብዙ ጊዜ ይጠቁራል። ጠመንጃው ዘይት ጠጥቶ አፈሙዙ ወደ ላይ ሆኖ ለዓመታት ሲቆም ዘይቱ በስበት እየወረደ እዚያ ይጠራቀማል፤ እንጨቱንም ያለሰልሰዋል። ከላይ ቀለም ቢቀባበት አይዝም፣ ቢይዝም ከሥር ዘይቱ ይገፋዋል። የኖራ ድንጋይ ዱቄት በአሴቶን አቡክተው ይለጥፉበት፤ አሴቶኑ እየተነነ ሲሄድ ዱቄቱ ዘይቱን ይጠጣል፣ ነጩም ወደ ቢጫ ይቀየራል። ጠርጎ መድገም ነው። አሴቶን እሳት እንደሚወድ ላስታውስ፤ የካውያውና የአሴቶኑ ቀን ለየብቻ ይሁን።

ዘይቱን ወፈር አድርጎ መቀባት

የተልባ ዘይት ሁለት ዓይነት ነው። ጥሬው ለመድረቅ ሳምንታት ሊፈጅ ይችላል። «የፈላ» ተብሎ የሚሸጠው ስሙ ነው እንጂ የሚያፈጥነው የተጨመረበት የብረታ ብረት ማድረቂያ ነው። ስሙን አምነው ጥሬውን ምድጃ ላይ የሚጥዱ ሰዎች አሉ፤ ቤት ለማቃጠል ካልሆነ አያስፈልግም። እንደ ትሩ ኦይል ያሉት ድብልቆች ደግሞ ዘይትም ቫርኒሽም ስለሆኑ ፈጥነው ይይዛሉ።

ሁሉም የሚጠሉት አንድ ነገር ነው፤ ውፍረት። ዘይት የሚደርቀው ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ስለሆነ የወፈረው ቅብ ከላይ ይቆረፍዳል፣ ከሥሩ እንደ ሙጫ ይቀራል። በጣት ጫፍ ጥቂት ጠብታ አድርገው እጅዎ እስኪሞቅ ያሹት፣ ትርፉን ይጥረጉት፣ ቢያንስ አንድ ቀን ይተዉት። ስምንት ስስ ቅብ ከሁለት ወፍራም ይሻላል። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንዲሉ፣ በአንድ ምሽት ሊጨርስ የተነሳ ሰው ሳምንቱን ሙሉ የተጨማደደ ቅብ ሲልጥ ይከርማል።

ከውጭ አምሮ ከውስጥ ጥሬ የሆነ ሰደፍም ብዙ ነው። ከትከሻው ጎማ ሥር ያለው የተቆረጠ ጫፍና ብረቱ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ካልተቀቡ እንጨቱ እርጥበት በዚያ ይስባል፣ ያብጣል፣ ይጣመማል፤ በርሜሉን ከጎን ሲገፋው ጥይቱ የሚያርፍበት ቦታ ይቀየራል። ስስ አድርገው ይቀቡት። ከብረቱ ጭራ በስተኋላ ያለው ቦታ ላይ ብቻ ቅቡ እንዳይከማች ይጠንቀቁ። እዚያ ለብረቱ የአንድ ወረቀት ያህል ክፍተት ካልቀረው በርግጫው ጊዜ ጭራው እንደ ሽብልቅ ገብቶ እንጨቱን ይሰነጥቀዋል።

አሁን ከጠመንጃው ይልቅ ለቤቱ የምፈራው ነገር፤ ጨርቁ። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ይሞቃል። ተጨባብጦ የተጣለ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ስለሌለው እያደገ ሄዶ ያለ ክብሪት ይቀጣጠላል። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1991 በፊላደልፊያ ዋን ሜሪዲያን ፕላዛ የተባለው 38 ፎቅ ሕንፃ የነደደው በ22ኛው ፎቅ ላይ እንጨት ሲያድሱ የነበሩ ሠራተኞች በተዉት በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ነው፤ ሦስት የእሳት አደጋ ሠራተኞች ሞተዋል። ጨርቁን ደጅ ዘርግተው አንድ በአንድ ያድርቁት፣ ወይም ውኃ በሞላ የብረት ጣሳ ውስጥ ነክረው ይክደኑት።

ብረቱን በሞተር ማስወልወል

የጠመንጃ ብረት ጥቁር ሰማያዊ መልክ ቀለም አይደለም፤ በቁጥጥር የተሠራ ዝገት ነው። ስለዚህ ከሥሩ ያለው ብረት ምን ያህል ለስላሳ እንደሆነ ሁሉ ያሳያል። ይህን የሰማ ሰው ታዲያ የሚሽከረከር መወልወያ ላይ ይሮጣል። መወልወያው ደቂቃ ሳይሞላ የጠርዞቹን ስለት ያድቦለቡላል፣ የቪቴ ቀዳዳዎችን አፍ እንደ ሰሃን ያጎደጉዳል፣ የተቀረጹ ፊደሎችን ያፈዛል። ከፊደሎቹ መካከል መለያ ቁጥሩ ካለበት ነገሩ ከመልክ ያልፋል፤ በብዙ አገሮች የጠመንጃን መለያ ቁጥር ማጥፋት ወንጀል ነው። በእጅ፣ በጠፍጣፋ ድጋፍ ላይ በተጠቀለለ ወረቀት ይሥሩ፤ ቁጥሩን ይዝለሉት።

ማጥቆሪያው ሦስት ዓይነት ነው። በጠርሙስ የሚሸጠው ቀዝቃዛው ሴሊኒየምና መዳብ ያለበት ፈሳሽ ሲሆን ለጭረት መሸፈኛ ጥሩ ነው፤ ሙሉ በርሜል ቢቀቡበት ዥጉርጉር ይሆናል፣ እጅ ሲበዛበትም ይለቃል። መርዝ ነውና ጓንት ያድርጉ። ፋብሪካዎች የሚጠቀሙት የጋለው መንከሪያ ኮስቲክ ሶዳና ናይትሬት ከ135 እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ የሚፈላበት ነው። ይህን በቤት አይሞክሩት። በዚያ ሙቀት ጥቂት ውኃ ቢንጠባጠብበት ይፈነዳል፤ አሉሚኒየም ቢገባበት አሉሚኒየሙ ይበላል፣ ሃይድሮጅንም ይወጣል። ጥንድ በርሜል ያለው ጠመንጃ በለስላሳ ብየዳ የተያያዘ ከሆነ ደግሞ ጨዉ ብየዳውን ይበላውና በርሜሎቹ ይለያያሉ።

ለቤት የሚሆነው ሦስተኛው፣ የቀደምት አንጥረኞቹ ዘዴ ነው። ብረቱ ከቅባት ፈጽሞ ይጸዳል፣ የሚያዝግ ፈሳሽ ይቀባል፣ እርጥበት ባለው ቦታ ያድራል፤ ጠዋት ቀይ ዝገት ለብሶ ይገኛል። በንጹሕ ውኃ ሲቀቀል ቀዩ ወደ ጥቁር ይለወጣል፤ የላላው በለስላሳ የሽቦ ብሩሽ ይጠረጋል፤ እንደገና። ስድስት ሰባት ዙር ይሄዳል። የመጀመሪያው ዙር ያስደነግጣል፣ ግራጫና ነጠብጣብ ነው፤ ብዙ ሰው እዚያ ላይ ተስፋ ቆርጦ ይፍቀዋል። አራተኛው ላይ ይለያል። ባዶ እጅ ግን አይንካው፤ አንድ የጣት አሻራ እስከ መጨረሻው ዙር ይታያል።

ብረቱን ማጋል

የመቀርቀሪያውን መልክ ለማሳመር ወይም የነከሰ ቪቴ ለማላቀቅ የእሳት ፋና ገላው ላይ የሚለቁ አሉ። የጠመንጃ ብረት ጥንካሬው የተሰጠው በልክ በተያዘ ሙቀት ነው። መለያ ቁጥራቸው ከ800,000 በታች የሆኑት በአሜሪካው ስፕሪንግፊልድ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የተሠሩ የሞዴል 1903 ጠመንጃዎች እንዳይተኮስባቸው የሚመከረው፣ ሠራተኞቹ የብረቱን ሙቀት በዓይን እየገመቱ አንዳንዱን ከልክ በላይ ስላጋሉትና ተሰባሪ ስላደረጉት ነው። የሙያ ሰው በፋብሪካ ውስጥ ከተሳሳተ እኛ በፋና ምን ልንሆን! የነከሰ ቪቴ ዘልቆ የሚገባ ዘይትና ሁለት ቀን ይበቃዋል።

ማጣበቂያውን ያለ መከላከያ ማፍሰስ

ብረቱ እንጨቱ ውስጥ ሳይነቃነቅ እንዲቀመጥ ኢፖክሲ ማፍሰስ ከተወደዱት ማሻሻያዎች አንዱ ነው፤ በሚገባ ሲሠራ ጥይቶቹ ተቀራርበው እንዲያርፉ ያደርጋል። መላቀቂያ ሰሙን መቀባት የረሳ ሰው ግን ጠመንጃውን ለዘለዓለም አጣብቆታል። ሰሙን ቀብቶም የሚጣበቅ አለ፤ ኢፖክሲው ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ሲደርቅ እንደ ሚስማር ይይዛልና። ቀዳዳውንና ቦዩን ሁሉ በልጆች መጫወቻ ሸክላ ይድፈኑ። ርግጫውን በሚቀበለው ጥርስ (ከገላው ሥር ወደ ታች በወጣው ብረት) ፊት፣ ጎንና ሥር ላይ ፕላስተር ይለጥፉ፤ የኋላ ፊቱ ብቻ ኢፖክሲውን ይንካ። የሆነ ሆኖ ከተጣበቀ መዶሻ አያንሱ፤ አንድ ሌሊት ማቀዝቀዣ ውስጥ ሲያድር ብረቱና እንጨቱ እኩል ስለማይኮማተሩ ብዙ ጊዜ ይላቀቃል።

ምላጩን ማለስለስ

አይንኩት። ምላጩን የሚይዙት ጥርሶች የሚሠሩት በጥቂት የሚሊሜትር ክፋይ ነው፤ አንድ የሞረድ ምት ሲወድቅ የሚተኮስ ጠመንጃ ሊፈጥር ይችላል። ከባድ ከሆነብዎ ለሞዴሉ የተሠራ ምላጭ ገዝተው ባለሙያ ይግጠምልዎ።

ሲገጥሙ

የሰደፉን ቁመት ማሳጠር ካሰቡ በቀጭን ልብስ አይለኩ፤ ለአደን በሚለብሱት ካፖርት ይለኩ፤ መቁረጫው መስመር ላይም ፕላስተር ይለጥፉ፣ ጠርዙ እንዳይቦጨቅ። የማነጣጠሪያ መነጽር ማሰሪያ ቪቴ ረዝሞ ከሆነ ወደ ውስጥ ወጥቶ መቀርቀሪያውን ይይዛል፤ ካጠበቁ በኋላ መቀርቀሪያውን ከፍተው ዘግተው ይዩት።

በርሜሉ ውስጥ የእንጨት ብናኝም ሆነ የጨርቅ ቁራጭ አለመቅረቱን በብርሃን አይተው፣ የሰደፉን ቪቴዎች አምራቹ ባለው ልክ ያጥብቁ። በርሜሉ እንጨቱን እንዳይነካ ተደርጎ የተሠራ ከሆነ ወረቀት ከሥሩ አስገብተው ከአፈሙዙ እስከ ገላው ይሳቡት፤ የያዘበት ቦታ ካለ ቅቡ እዚያ ወፍሯል። ከዚያ ወደ አደን ሳይሆን ወደ ዒላማ ወረቀት ነው የሚኬደው፤ ጠመንጃው ተፈትቶ ስለተገጠመ ጥይቱ ድሮ በሚያርፍበት ላይ አያርፍም። ጥቂት ከተኮሱ በኋላ ቪቴዎቹን እንደገና ይሞክሯቸው። አዲሱ ቅብ በርግጫው ሲጠቀጠቅ ሩብ ዙር ያህል ላልተው ይገኛሉ።